«ማን አሰለጠነው?» ሲሉኝ

መስማት ያቆምኩት በ12 ዓመቴ ነው። ማጅራት ገትር ይዞኝ ነበር፤ እኔ ስተርፍ ጆሮዬ አልተረፈም። ባሕር ዳር ላይ ለእንደኔ ዓይነት ሰው ከባዱ ነገር ባጃጅ ነው። ከኋላ መጥቶ ጥሩምባውን ይነፋል፣ እኔ መሀል መንገድ ላይ ነኝ።

ለዚህ ነው መቻልን ያሳደግኩት። መቻል ውሻዬ ነው። አሰልጣኝ የምቀጥርበት ብር ስላልነበረኝ ከታናሽ እህቴ ጋር ራሳችን አስተማርነው። እሷ በር ታንኳኳለች፤ እሱ መጥቶ ጉልበቴን በእግሩ ሲነካኝ፣ ከጣና ዓሣ አጥማጆች ከምንገዛት ትንንሽ ዓሣ ቀቅዬ እሾኋን ያወጣሁላትን ቁራሽ እሰጠዋለሁ። ጠዋት 10 ደቂቃ፣ ማታ 10 ደቂቃ፤ ከዚያ በላይ ይሰለቻል። ከበሩ ቀጥሎ ስሜን፣ ከስሜ ቀጥሎ ጥሩምባን ለየ። ስህተቴ ቶሎ ገበያ ይዤው መውጣቴ ነበር። ሥጋ ቤት ደጃፍ ሲደርስ ገመዱን ሊበጥስ ምንም አልቀረው። ያን ቀን ያባረሩኝ ሰዎች ልክ ነበሩ። ሰው በማይበዛበት የሐይቁ ዳር መንገድ እንደ አዲስ ጀመርን፤ መንገደኛ ሲያልፍ ዝም ብሎ መቀመጥ እስኪለምድ ወራት ፈጀብን።

ከዚያ ሐይቁ ዳር አንድ ካፌ ሄድኩ። ጥበቃው ዱላቸውን አንስተው አፋቸው ይንቀሳቀሳል። መቻል ተቀመጠ። «ጋሼ፣ አልሰማም፤ ይጻፉልኝ» ብዬ ደብተሬን ዘረጋሁላቸው። የካፌውን ባለቤት ጠሩልኝ። እሷም «ማን አሰለጠነው? ወረቀት አለው?» ብላ ጻፈች። «እኔ» አልኳት። «እንግዲያ የቤት ውሻ ነው፣ አይገባም።»

እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። አሜሪካ ውስጥ በሕጋቸው፣ አካል ጉዳተኛው እንዲያግዘው ራሱ ያሰለጠነው ውሻ አሰልጣኝ ካሰለጠነው እኩል ይገባል፤ ወረቀት አይጠየቅም። ሥራው በዓይን ካልታየ መጠየቅ የሚቻለው ሁለት ነገር ነው፦ ውሻው የሚያስፈልገው በአካል ጉዳት ምክንያት ነው ወይ? ምን እንዲሠራ ተምሯል? ባለቤቱ ካልተቆጣጠረው ወይም ቤት ውስጥ ከተጸዳዳ ግን ይውጣ ሊባል ይችላል። እኔም የምፈልገው ይህንን ነው፤ ውሻው በጠባዩ ይመዘን። በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቅነው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም አንቀጽ 9 ላይ ወደ ሕንፃ ለመግባት የሚያግዙ መንገድ መሪዎችን ያነሳል፤ ውሻ የሚል ቃል ግን የለበትም። ስለዚህ በየበሩ የምከራከረው እኔው ነኝ።

ሰው ውሻ የሚፈራው በከንቱ አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ ይገድላል። መቻልን በየዓመቱ አስከትበዋለሁ፣ ካርዱም ከቦርሳዬ አይወጣም። ቤተ ክርስቲያን ይዤው ልግባ ብዬም አልጠይቅም፤ ጊዮርጊስ ስሳለም እህቴ ከቅጥሩ ውጪ ትይዝልኛለች።

ካፌው የተመለስኩት በማለዳ፣ ደንበኛ ሳይመጣ ነው። «እህቴ፣ ጀርባዬን ሰጥቼሽ ልቀመጥ፣ በስሜ ጥሪኝ» አልኳት። መቻል ተነስቶ ጉልበቴን ነካኝና ወደ እሷ ዞረ። ዞሬ ሳያት አፏ ላይ ስሜ ነበር። እንደገና ሞከረችው፤ እንደገና ነካኝ። ጋሼ ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ሊያዩ ቀረቡ።

አሁን በረንዳው ላይ እንቀመጣለን። ውስጥ ገና አልተፈቀደልንም። ክረምት ሲገባ ደግሞ በረንዳው ዝናብ ያስገባል፤ ሰኔ ሳይመጣ ልጠይቃት ነው።