ባትሪውን ሳይጨርሱ ባትሪ መለካት

ዛሬ አምስት ኪሎ ባለው ጠረጴዛ ላይ የዋለው ሰርኪዩት በ4.2 ቮልት ሊቲየም ባትሪ የሚሠራ ነው። ቮልቴጁን ለመለካት በሁለት 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ለሁለት ብንከፍለው 210 ማይክሮአምፒር ሌት ተቀን ይፈሳል። በሁለት 1 ሜጋ ኦም 2.1 ብቻ! ግን በአትሜጋ328ፒ ቺፕ ኤዲሲ (ቮልቴጅን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ክፍል) ውስጥ ያለው 14 ፒኮፋራድ ካፓሲተር በሁለቱ ሬዚስተሮች የፓራለል ውጤት፣ በ500 ኪሎ ኦም በኩል በጊዜ አይሞላም፤ ንባቡ ይዛባል።

ኦፕአምፕ (ሲግናል አጠናካሪ ቺፕ) አትጨምሩ፣ እሱም ራሱ ባትሪ ይበላል። ከኤዲሲው መግቢያ ፒን ወደ ግራውንድ 100 ናኖፋራድ ሴራሚክ ይበቃል፤ ትንሹ ካፓሲተር ከትልቁ ሲሞላ የሚወርደው ቮልቴጅ ከ10 ቢቱ ንባብ የአንድ ደረጃ ግማሽ ያንሳል። ታይም ኮንስታንቱ (ትልቁ ካፓሲተር ለመሙላት የሚወስደው ጊዜ መለኪያ) ግን 50 ሚሊሰከንድ ስለሚሆን፣ ባትሪው ከተገናኘ በኋላ ግማሽ ሰከንድ ያህል ጠብቃችሁ አንብቡ። ቺፑ ስሊፕ ከመግባቱ በፊት ደግሞ ኤዲሲውን በኮድ አጥፉት፤ አለበለዚያ ተኝቶም ይበላል።