እማዬና በርጩማዋ

ከሁለት ወር በፊት እማዬ ቡና አፍልታ ከበርጩማዋ ልትነሳ ስትል ሁለቴ ሞክራ አቃታት፣ በሦስተኛው ግድግዳ ተደግፋ ተነሳች፤ "እርጅና ነው ተይኝ" አለችኝ፣ እኔ ግን እሱን ሳስብ ነው ያደርኩት። ጡንቻ እኮ ከ30ዎቹ ጀምሮ ቀስ እያለ ይቀንሳል፣ ሴቶች ላይ ደሞ ወር አበባ ሲቆም ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ስለሚወርድ ይብሳል፣ አጥንትም አብሮ ይሳሳል፣ ከዛ አንዴ መውደቅ ዳሌ ይሰብራል። ሀኪሞች የሚጠቀሙበት ቀላል ቴስት አለ፣ እጅን ደረት ላይ አጣጥፎ ከወንበር 5 ጊዜ መነሳትና መቀመጥ፣ ከ15 ሰከንድ በላይ ከፈጀ ጉልበት እየከዳ ነው ማለት ነው። እማዬ 22 ፈጀባት።

ደስ ያለኝ ግን በስተርጅናም ይመለሳል! እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣ የአሜሪካ ጥናት 90 ዓመት አካባቢ የሆናቸው አረጋውያን ለ8 ሳምንት ክብደት እየሰሩ የእግራቸው ጉልበት ከእጥፍ በላይ ጨምሯል። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ዎክ ማድረግ ጥሩ ነው፣ ብቻውን ግን አይበቃም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ከወንበር መነሳት 10 10 እየሰራን፣ ሃይላንድ ውሃ ሞልተን እያነሳን፣ ከአሞራ ገደል አሳ እየገዛሁ፣ በጾም ደሞ ምስርና ሽሮ በዛ አድርጌ። ትናንት ቴስቱን በ17 ሰከንድ ጨረሰች፣ በርጩማውንም ከፍ ባለ ቀየርኩላት።