ሐውልት ቆጠራ በጎንደር

ጥፋቱ የኔ ነው። ዓርብ ማታ አዘዞ አማቴ ቤት ገብተን ልጆቹ አንተኛም ሲሉ «ነገ ፓርክ እንሄዳለን፤ ሐውልትም አለ» አልኳቸው። የአምስት ዓመቱ ወዲያው ተኛ። የዘጠኝ ዓመቷ ግን የተባለችውን አትረሳም። ደብተር አውጥታ «ያየናቸው ሐውልቶች» ብላ ርእስ ጻፈችበት። ባለቤቴ በጨለማ ውስጥ «የቱ ፓርክ ነው ደግሞ?» አለችኝ።

ያሰብኩት የፋሲልን መዋኛ ነበር። ዛፍ አለ፣ ሣር አለ፣ ግንብ አለ። ለባሕር ዳር ልጅ ይሄ ፓርክ ነው። እሷ ግን ጎንደር ተወልዳ ያደገች ናት። ለሷ ጥምቀተ ባሕር ነው፤ አለቀ።

ሌሊቱን አልተኛሁም። አራት ሰው በአንድ አልጋ፣ የልጁ እግር ጎኔ ላይ። አማቴ አዝነው ሁለት ጋቢ ደርበውልን ነበር፤ አልበቃም። ጎንደር ከባሕር ዳር ከሦስት መቶ ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ እኔ ያንን በጉልበቴ ነው ያወቅሁት። እኛ ሰፈር በታኅሣሥ ጋቢ የሚለብስ የሌሊት ዘበኛ ብቻ ነው። ጠዋት ይህን ብናገር አማቴ «አይ የሐይቅ ዳር ሰው!» ብለው ሳቁብኝ።

ፒያሳ ስንደርስ የአፄ ቴዎድሮስ ሐውልት ደብተሩ ላይ አንድ ተብሎ ተመዘገበ። የፋሲል ግቢን፣ የነገሥታቱን ቤተ መንግሥት፣ ጠዋት ጨረስነው። አፄ ፋሲል ከተማዋን በ1628 ዓ.ም. መቆርቆራቸውን፣ የግቢው አጥር 900 ሜትር መሆኑን እየነገርኩ ሳለ ልጆቹ ጥለውኝ የአንበሳ ቤቱ ጋ ሄደዋል። አንበሳ የለም። ለዚህም ጥፋተኛው እኔ ሆንኩ።

ከዚያ ባጃጅ። ባለቤቴ ውኃ ልትገዛ ዞር ባለችበት ሹፌሩን ጠየቅሁት። አፌን ስከፍት ከየት እንደመጣሁ ገባው መሰለኝ። «ኮንትራት ሦስት መቶ» አለ። መንገዱ ሁለት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ልከፍል ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። ባለቤቴ ደርሳ «አንተ ልጅ፣ እናትህን በዚህ ዋጋ ታሳፍራታለህ?» ስትለው ሦስት መቶው መቶ ሆነ። ልጁ አልተቀየመም፤ እንዲያውም መንገዱን ሁሉ ከሷ ጋር ስለ ሰፈራቸው ሲያወራ ደረስን። እኔን ዞር ብሎም አላየኝም።

በሩ ላይ ትኬት ተጠየቅን። የግቢው ትኬት ለመዋኛውም ያገለግላል፤ ስለዚህ አትጣሉት። እኔ ጥዬው ነበር። ባለቤቴ ከኋላዬ አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታዋለች። ለምን ቀድማ እንዳልነገረችኝ እስካሁን አልገባኝም። ምናልባት ስደነግጥ ማየት ፈልጋ ይሆናል።

ልክ እንደገባን ትንሹ ልጄ ሱሪውን ማውለቅ ጀመረ። «መዋኛ» የሚለውን ቃል ሰምቶ ከቤት የዋና ቁምጣውን ከውስጥ ለብሶ መጥቷል። የጣና ልጅ ነዋ! ገንዳው ግን ደረቅ ነው። ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ባዶውን ይከርማል፤ ውኃ የሚገባበት ለጥምቀት ነው፣ ያውም ከቀሃ ወንዝ እየተሳበ። ሦስት አራት ሰዎች ወለሉን በአካፋ እየጠረጉ ነበር። ከመካከላቸው አንዱ ቀና ብሎ «ለጥር 11 ና፣ ያን ጊዜ እንዋኛለን» አለው። ልጁ ቁምጣውን እንደለበሰ ደረጃው ላይ ተቀምጦ አለቀሰ።

ያዳኑን ዛፎቹ ናቸው።

ጎንደር ሄዶ የማያውቅ ሰው ይሄን በፎቶ ብቻ አይረዳውም። በመዋኛው ዙሪያ ባለው አጥር ላይ ትልልቅ ዛፎች ቆመዋል። አጠገቡ አይደለም የምላችሁ፤ ላዩ ላይ። ሥሮቻቸው በግንቡ ላይ እየተንዠረገጉ ወርደው መሬት ገብተዋል። አንዳንዱ እንደ ገመድ ተጎንጉኗል። አንዳንዱ ድንጋዩን በአምስት ጣት ጨብጦታል። ልጄ ቆማ ስታይ ቆየችና «ማን ቀረጸው?» አለች።

ይሄን እንኳ አውቀዋለሁ። ዛፎቹ የነወርካ፣ የነሾላ ዘመዶች ናቸው። ወፍ ፍሬውን በልታ ግንቡ ጫፍ ላይ ትጥላለች። ዘሩ በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ይበቅላል። ከዚያ ሥሩ አፈር ፍለጋ ቁልቁል ይሄዳል፤ ኖራው የላላበትን እየፈለገ፣ በመገጣጠሚያው እየገባ። ሲወፍር ግንቡን ይሰነጥቀዋል። ግን የሰነጠቀውን መልሶ አቅፎ የያዘውም እሱ ነው። ቁረጡት ቢባል ግንቡ አብሮ ሊወርድ ይችላል።

«እንግዲያው የቀረጸችው ወፏ ናት» አለችና መቁጠር ጀመረች።

እዚህ ላይ ተጣላን። ሥር ሐውልት አይደለም አልኩ። ባለቤቴ ዳኛ ሆነች፦ ስም ሊወጣለት የቻለ ይቆጠራል፣ ያልቻለ አይቆጠርም። ልጁ ለቅሶውን ትቶ ሮጠ። «የዝሆን እግር» አገኘ። «የአያቴ ሹሩባ» አገኘ። እኔም ሳላስበው ገባሁበትና አንዱን «የባንክ ወረፋ» አልኩት፤ ተጣሞ ተጣሞ መጨረሻው አይታይም። ደብተሩ ላይ አሥራ አንድ ደረሰ። ሰዓት አላየሁም፤ ሁለት ሰዓት ግን ሳይሆን አይቀርም የዞርነው። ባሕር ዳር የሐይቁ ዳር መናፈሻ ልጆቼን ሃያ ደቂቃ አያቆያቸውም፤ ከዚያ «ስልክህን ስጠኝ» ነው። ይህን ስጽፍ ቅር እያለኝ ነው፣ ግን እውነት ነው።

ምሳችንን ጥላው ሥር በላን። ጾም ስለሆነ አማቴ የሱፍ ፍትፍት ቋጥረውልን ነበር። ቀዝቃዛ፣ ነጭ፣ ቃሪያ የበዛበት። ስለሱ ሌላ ጊዜ ለብቻው እጽፋለሁ። ከዚያ የአፄ ፋሲል ፈረስ የዞብል መቃብር ነው የሚባለውን ትንሽ ቤት አየን። ልጄ የፈረስ ሐውልት ባለማግኘቷ አልቆጠረችውም።

ደብረ ብርሃን ሥላሴን ሆን ብዬ ዘለልኩት። የጣሪያውን መላእክት እቆጥራለሁ ብትል እዚያው መሽቶብን ነበር።

ቁስቋም ግን ወጣን። ዳገቱ ለኔ ከበደኝ፣ ለልጆቹ አልከበዳቸውም። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ቤተ መንግሥት በ1880 ደርቡሾች ካቃጠሉት ወዲህ ጣሪያ የለውም፤ በግድግዳው ላይ የተቀረጸው ቀይ ድንጋይ ግን አሁንም ያምራል። መስቀሎቹ አሉ፤ አንበሳ የሚጋልበው አባ ሳሙኤልም አለ። አሥራ ሁለት። ልጁ «እኔም ልጋልብ» አለ። በኋላ የእቴጌይቱን፣ የልጃቸውን የዳግማዊ ኢያሱንና የልጅ ልጃቸውን የኢዮአስን አጽም በመስታወት ውስጥ አየ። ዝም አለ። ስንወርድ እጄን ይዞ «ማታ ማታ ይነሣሉ?» አለኝ። ሌሊቱ ምን እንደሚመስል ያን ጊዜውኑ ገባኝ።

መጨረሻችን ወለቃ ሆነ፤ በደባርቅ መንገድ ከከተማዋ ወጣ እንዳሉ ያለች መንደር። ቤተ እስራኤላውያን ይኖሩባት ነበር። ገሚሱ በ1977 በሱዳን በኩል፣ ቀሪው በ1983 ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሄደው አለቁ። ሸክላው ግን ቀርቷል። በመንገዱ ዳር ትንንሽ ጥቁር ምስሎች ተደርድረው ይሸጣሉ፦ አንበሳ፣ ዶሮ፣ እንስራ የተሸከመች ሴት። ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ በአንድ አልጋ የተኙበትም አለ። ልጁ «እነዚህ እነማን ናቸው?» አለ። «የደከማቸው ሰዎች» አለች እናቱ።

ባለቤቴ ልጅ ሳለች ሸክላ ሠሪ ዓይን ውስጥ አትዪ እየተባለች ነው ያደገችው። ቡዳ ናቸው ይባል ነበር። እዚህ ስትደርስ ሁሌም ዋጋ አትከራከርም።

አንዲት እናት ደጃፋቸው ላይ ጀበና ይሠራሉ። መሽከርከሪያ የላቸውም፤ የሚዞሩት እሳቸው ናቸው። ጎንበስ ብለው በጭቃው ዙሪያ፣ በእጃቸው ብቻ ያሳድጉታል። ልጁ ሥራቸውን ፈዝዞ ሲያይ «ና እስኪ የኔ ጌታ» ብለው እፍኝ ጭቃ ሰጡት። ዝሆን ሠራ። ቢያንስ ዝሆን ነው አለ። እሳቸው በጠጠር ሆዱን አለሰለሱለትና ለባለቤቴ እንዲህ አሏት፦ «ልጄ፣ በኩበት ካልተተኮሰ ሸክላ አይባልም። ውኃ እንዳይነካው።» ለጭቃው ልከፍል ብል ተቆጡኝ። ሁለት አንበሳ ገዛሁ። ደብተሩ ላይ አንበሶቹም ዝሆኑም ገብተው አሥራ አምስት ሞላ።

እሑድ ባሕር ዳር ገባን። መንገዱን አላየሁትም፤ ሌሊት ያጣሁትን እንቅልፍ አዘዞ ላይ ጀምሬ ወረታ ላይ ነው የጨረስኩት። አንዱ አንበሳ ጅራቱ ተሰብሯል። ልጄ ግን ቆጠራውን አልነካችም፤ አንበሳ ያለ ጅራትም አንበሳ ነው ብላለች።

ሰኞ ማታ ባለቤቴ ልብስ ዘፍዝፋ ጠራችኝ። የማጠቢያው ውኃ አመድ መስሏል። የልጁን ሱሪ ኪስ ብትገለብጠው ጣት የሚያህል ለስላሳ ጭቃ ወጣ፣ ከሁለት ያልሟሙ የስንደዶ ጥርሶች ጋር። ልጄ መጥታ አየች። ደብተሯን አምጥታ አሥራ አምስትን ሰረዘች።