ጨነቅ ላይ ትንፋሼን ስቆጥር

ጎንደር ውስጥ ፊዚዮሎጂ አስተምራለሁ። አንድ ተማሪዬ ከክፍል ስንወጣ ያነሳችው ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ፦ «ኦክስጅን ሲያንስ አንጎላችን ትንፋሽን ያፈጥናል ካሉን፣ ኦክስጅኑ እንዳነሰ እያለ ከደቂቃዎች በኋላ ለምን መልሶ ያቀዘቅዘዋል?» የሰጠኋት መልስ ከመጽሐፍ የተሸመደደ ነበር። እኔኑ ስላላረካኝ ነገሩን በራሴ አካል ላይ ለማየት ቆረጥሁ።

ሦስት ቀን ጠዋት ጠዋት ከአልጋ ሳልወርድ ትንፋሼን ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ቆጠርሁ፤ 14 ገደማ ሆነ። ጣት ላይ የሚገባው መለኪያ ደግሞ የደሜን ኦክስጅን 95 በመቶ አለው። ከዚያ በደባርቅ አድርጌ በሰሜን ተራሮች ከ3,600 ሜትር በላይ ወዳለው ጨነቅ በመኪና ወጣሁ። እዚያ የአየር ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ያህላል።

ከመኪናው እንደወረድሁ መለኪያው 79 አለኝ። ደነገጥሁ። አብረውን የነበሩት አዛውንት ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) እጄን ይዘው «ልጄ፣ ጣትሽ እኮ በረዶ ሆኗል» አሉና ጋቢያቸውን ደረቡልኝ። እጄ ሲሞቅ ንባቡ 88 ሆነ። በቀዘቀዘ ጣት ደም እንደልብ ስለማይዘዋወር መለኪያው ይሳሳታል፤ ይህን ለተማሪዎች ስንት ጊዜ ነግሬአለሁ! የእርሳቸውን ብለካው 94። የአንድ ሰው ንባብ ማስረጃ አይሆንም፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው የሲንቲያ ቢል ጥናት በ3,530 ሜትር የሚኖሩ የሰሜን ተራሮች ሰዎች የሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን) እና የኦክስጅን መጠናቸው ከባሕር ወለል ነዋሪዎች ጋር እንደሚቀራረብ አሳይቷል።

ቆጠራውም አስቸገረኝ። እስትንፋሴን ልብ ባልሁት ቁጥር ይለዋወጣል፤ አንዴ 22፣ አንዴ 12። ስለዚህ ጓደኛዬ ሳላውቅ እንድትቆጥርልኝ አደረግሁ፤ 17 አገኘች። እርሱም ቢሆን ጥልቀቱን አይነግረንም፤ ከፍታ ላይ ትንፋሽ የሚጨምረው በብዛቱ ብቻ ሳይሆን በጥልቀቱም ነው።

ትልቁ ስሕተቴ ግን ጊዜ ላይ ነበር። ተማሪዋ የጠየቀችኝ መውጣትና መውረድ በደቂቃዎች ውስጥ የሚያልቅ ነው፤ እኔ ደግሞ ሰዓታት ፈጅቼ ነው የወጣሁት። ኦክስጅን በድንገት ሲያንስ በአንገት ግራና ቀኝ፣ ደም ቅዳው ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ ያለው ካሮቲድ ቦዲ የተባለ ኢምንት አካል ይነቃል። ኮርኔይ ሄይማንስ የ1938 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማትን ያገኘው ከዚሁ ጋር በተያያዘ ሥራው ነው። ሕዋሳቱ ኤቲፒና አሴቲልኮሊን የተባሉ መልእክተኛ ኬሚካሎችን ይለቃሉ፤ በአንጎል ግንድ ውስጥ መልእክቱን የሚያስተላልፈው ዋናው ኬሚካል ግሉታሜት ነው፤ ትንፋሽ ይነሳል። ቀስ ብለው ደግሞ ጋባና አዴኖሲን የተባሉ ሌሎች ኬሚካሎች ይበረታሉ፤ እነዚህ ልጓም ናቸው። አዴኖሲን የሚጨምረው ሕዋሳት ኃይላቸው ሲመናመን ነው፤ ስለዚህ ቅዝቀዛው የመላሸቅ ምልክት ብቻ አይመስለኝም፣ አንጎል ወጪውን የሚቀንስበት ብልሃትም ጭምር ነው። ተራራ ላይ ሌላም ልጓም አለ፦ ስንተነፍስ የምናስወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲበዛ ደማችን አልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ) ይሆንና ትንፋሽን ይገታል፤ ኩላሊት ይህን ለማስተካከል ቀናት ይፈጅበታል።

ከጨነቅ ከተመለስሁ በኋላ ሰሌዳዬን ቀየርሁ። ቀድሞ አንድ ቀስት ወደ ላይ ብቻ እሥል ነበር፤ አሁን ከሥሩ የሴኮንድ፣ የደቂቃና የቀን መስመር አሠምራለሁ፣ በእያንዳንዱም ላይ የኬሚካሉን ስም እጽፋለሁ።

ትምህርቱንም ያለጊዜያቸው በተወለዱ ሕፃናት እጀምራለሁ። በእነርሱ ዘንድ ልጓሙ ይበረታል፤ ኦክስጅን ሲያንስ ትንፋሻቸው ለአፍታ ይነሳና ከመነሻው በታች ይወርዳል፣ አንዳንዴም ይቆማል። ሐኪሞች ካፌይን የሚሰጧቸው አዴኖሲን የሚያርፍበትን ተቀባይ ስለሚዘጋ ነው። ይህን ስናገር ያቺ ተማሪ ብዕሯን አስቀምጣ «ቡናችን ውስጥ ያለው?» አለች። አዎ፣ እርሱው ራሱ፤ በሐኪም ልክ ተመጥኖ።