አራት ሚሊአምፔር

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ደብሮኛል። ዝናቡም አለበት። ግን ትናንት ማታ ጣሪያ ላይ ያየሁት ውሃ ነው ከውስጤ ያልወጣው።

መሥሪያ ቤታችን ውስጥ የውሃውን መጠን የሚያሳየው ስክሪን የጣሪያው ሮቶ ባዶ ነው ይላል። ፓምፑም አምኖት ሲገፋ አምሽቷል። ስወጣ ሮቶው ጢም ብሎ ሞልቶ እየፈሰሰ ነው። ሰፈራችን ውሃ የሚያገኘው በፈረቃ ነው። ከአጥራችን ጀርባ ያሉት እማማ ጀሪካን ደርድረው ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ እኛ እዚህ በደረጃ እናንዠቀዥቀዋለን። በጣም አፈርኩ።

ሮቶው ውስጥ ያለውን ውሃ ለክቶ ለስክሪኑ የሚልከው ሴንሰር ደህና ነው። ሽቦው ነው መጋጠሚያው ላይ ዝጎ የተበጠሰው። ይሄ ዓይነት ሴንሰር የሚያወራው ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፔር ባለው ትንሽ የኤሌክትሪክ ከረንት ነው። 20 ሲሆን ሙሉ ነው። ባዶ ሲሆን ግን ዜሮ አይልክም፣ 4 ይልካል። ሆን ተብሎ ነው እንዲህ የተሠራው። ከ3.6 በታች ከወረደ ብልሽት ነው፤ ዜሮ ከሆነማ መስመሩ ሞቷል። የእኛን ሲተክሉት ይህችን የብልሽት ልክ ሲስተሙ ላይ ሳይሞሉ ቀሩ። ሽቦው ተበጥሶ ሴንሰሩ ዝም ሲል ጊዜ ሲስተሙ "ባዶ" ብሎ አነበበው።

የጥገና መዝገቡን ገለጥኩ። ከሦስት ወር በፊት "የሮቶ ሴንሰር፣ ተስተካክሏል" ይላል። ማን? ምኑን? የለም። ሰኞ ለአለቃዬ እነግረዋለሁ። እያንዳንዱ ሴንሰር ቁጥር ይኑረው። የነካው ሰው ስሙን፣ ያገኘውን፣ በቴስተር የለካውን ይጻፍ። በወር አንዴ ደግሞ አንዳችን ወጥተን ክዳኑን ከፍተን በዓይናችን እንይ፤ ስክሪኑ ከሚለው ጋር እናስተያይ። ይሄ ገንዘብ አይጠይቅም። እግር ነው የሚጠይቀው።

ያቺ 4 ግን ከጭንቅላቴ አልወጣ አለች። ባዶ ሆኖም "አለሁ" ማለት። እማዬ እንዲህ ናት። እሑድ እሑድ ትደውላለች። አዲስ ወሬ የላትም። "እንዲያው ድምፅህን ልስማ ብዬ ነው" ብላ ትዘጋለች።

ታናሼ ከፋሲካ ወዲህ አልደወለም። "ዝም ካለ ሰላም ነው፣ ሥራ በዝቶበት ነው" ተባባልን እቤት። እኔም አምኜ ተቀመጥኩ። ይኸው ሐምሌ ገባ።

አሁን ሦስቴ ሞከርኩለት። ይጠራል፣ አይነሳም። ነገ በጠዋት እቤቱ ድረስ ልሂድ ወይስ መጀመሪያ አብሮት የሚሠራውን ልጅ ልጠይቀው?