ጉድጓዱ ውስጥ የቀረው ከሰል ቆፋሪ፦ ዊልያም ሃኬት

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝ እግረኛ ጦር የሆነው የዮርክና ላንካስተር ሬጅመንት ዊልያም ሃኬትን ዕድሜህ አልፏል ብሎ ሦስት ጊዜ መልሶታል። ኖቲንግሃም ተወልዶ ደቡብ ዮርክሻየር ውስጥ ሜክስቦሮ የኖረ፣ ከ20 ዓመት በላይ ከሰል የቆፈረ፣ ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ነበር። በጥቅምት 1915 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን ነው) ግን አርባን ካለፈ በኋላ የንጉሣዊ መሐንዲሶች ጦር ተቀበለው። ሠራዊቱ የፈለገው ጠመንጃ የሚይዝለትን ሰው ሳይሆን የሚቆፍርለትን ነበር።

ምክንያቱ ጂቨንሺ ነው፣ በሰሜን ፈረንሳይ ላ ባሴ አጠገብ ያለች መንደር። ታኅሣሥ 20 ቀን 1914 ጀርመኖች እዚያ በእንግሊዝ ጦር ውስጥ በነበረው የህንድ ሲርሂንድ ብርጌድ ምሽግ ሥር አሥር ፈንጂ ቀብረው አፈነዱ። እንግሊዞች በየካቲት 1915 በመሐንዲሱ ጆን ኖርተን ግሪፊትስ ጉትጎታ የዋሻ ቆፋሪ ሻምበል ጦሮችን አቋቋሙ። መጀመሪያ የተጠሩት የማንችስተር የፍሳሽ ቦይ ቆፋሪዎች ናቸው። ለእግረኛ ወታደር በቀን 1 ሺሊንግ ገደማ ሲከፈለው፣ ለሠለጠነ የሸክላ አፈር ቆፋሪ 6 ሺሊንግ ይከፈለው ነበር።

ዘዴያቸው እንዲህ ነው። ቆፋሪው 45 ዲግሪ ገደማ ባጋደለ፣ መስቀል በሚመስል ሳንቃ ላይ ጀርባውን ያሳርፋል፤ እግሩ ወደ ግድግዳው ነው። ስለት ያላትን ጠባብ አካፋ በሁለት እግሩ ገፍቶ ሸክላው ውስጥ ይሰካና እጀታዋን ወደ ራሱ ይስባል፤ ጓሉ ይላቀቃል። ሁለተኛው ሰው አፈሩን በጆንያ ይሞላል፣ ሦስተኛው የጎማ እግር ባለው ጋሪ ወደ ጉድጓዱ አፍ ይገፋል። ዶማ አይነሳም፤ ዶማ ድምፅ አለው፣ ጠላትም ጆሮውን ግድግዳ ላይ ለጥፎ ያዳምጣል። በጥሩ ሸክላ እንግሊዞቹ በቀን 8 ሜትር ያህል ይሄዱ ነበር፣ ጀርመኖች 2 ሜትር። የተቆፈረው ሰማያዊ ሸክላ ከላይ ከታየ የአውሮፕላን ቃኚ ስለሚያውቀው ጆንያው ይደበቃል።

ድጋፉ እንጨት ነው፣ ሚስማር ግን የለውም። ጣሪያ፣ ሁለት ጎንና ወለል የሚሆኑ ሳንቃዎች ገጥመው ይቆማሉ፤ ሸክላው እርጥበት እየጠጣ ሲያብጥ እንጨቱን ጭብጥ አድርጎ ይይዘዋል። መዶሻ አያስፈልግም። ጸጥታውን የሚጠብቀው ይኸው የሸክላው እብጠት፣ ፍንዳታ ሲመጣ ዞሮ ገዳይ ይሆናል። በከሰል ጉድጓድ ምሰሶው ከመሰበሩ በፊት ብዙ ጊዜ ይንቋቋል፤ ልምድ ያለው ሰው ሰምቶ ይሸሻል። ፍንዳታ የናጠው ሸክላ ግን ክፍተት ባገኘበት ቀስ ብሎ ይገፋል። ሰው በግድ የሚያልፍበት ቀዳዳ ሳይታሰብ ይጠባል። በዚያ ላይ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ፤ አይሸትም፣ አይታይም። የነፍስ አድን ሠራተኞች ካናሪ ወፍና አይጥ ይዘው የሚገቡት ለዚህ ነው።

ሰኔ 22 ቀን 1916 (በኛ ሰኔ 15 ቀን 1908 ዓ.ም.፣ የሰገሌ ጦርነት ሊደረግ አራት ወር ሲቀረው) ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ጀርመኖች ጂቨንሺ ላይ ትልቅ ፈንጂ አፈነዱ። የተፈጠረው ሰፊ ጉድጓድ ከላይ በነበረው የሮያል ዌልሽ ፊውዚሊየርስ ሬጅመንት ምልክት «ቀይ ዘንዶ» ተባለ። ሃኬትና አራት ጓደኞቹ ሻፍትስበሪ አቬኑ በተባለው ዋሻ ውስጥ ነበሩ፤ የመመለሻው መንገድ ተደፈነባቸው።

ከ20 ሰዓት ቁፋሮ በኋላ በተሰባበረ እንጨትና በተናደ አፈር መሐል ጠባብ ቀዳዳ ተከፈተ። ሃኬት ሦስቱን አወጣ። አራተኛው፣ ከ14ኛው የዌልስ ሻለቃ የመጣው ቶማስ ኮሊንስ፣ ክፉኛ ቆስሎ ስለነበር በዚያ ቀዳዳ ማለፍ አልቻለም። ሃኬት ማለፍ ይችል ነበር። ኋላ በተሰጠው የቪክቶሪያ ክሮስ (የብሪታንያ ከፍተኛው የጀግንነት ኒሻን) መግለጫ ላይ የሰፈረው ቃሉ «እኔ ዋሻ ቆፋሪ ነኝ፤ መጀመሪያ ሌሎቹን መንከባከብ አለብኝ» የሚል ነው። ቀዳዳው እየጠበበ እንደነበር መግለጫው ራሱ ይናገራል፤ የሚጠብ ቀዳዳ ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ እዚያ ከነበሩት ሁሉ የበለጠ የሚያውቀው እሱ ነው። በኔ እይታ ድፍረት ብቻ ብሎ ማለፍ ያሳንሰዋል። ከሰል ቆፋሪ የቆሰለ ጓደኛውን ጉድጓድ ውስጥ ጥሎ አይወጣም፤ ሃኬትም ወታደር ከሆነ ዓመት ስላልሞላው የሚያውቀው ሕግ የቆየውን ነው።

ዋሻው ተናደ። ለአራት ቀን ቢቆፈርም ሊደረስባቸው አልተቻለም። የሃኬት ዕድሜ 43 ነበር። ቪክቶሪያ ክሮስ ኒሻኑን በዚያው ዓመት ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ ለባለቤቱ ሰጧት፤ ዛሬ ጊሊንግሃም በሚገኘው የንጉሣዊ መሐንዲሶች ሙዚየም ይገኛል።

ጂቨንሺ ላይ በ2010 የዋሻ ቆፋሪዎች መታሰቢያ ቆሟል። በመንግሥት መታሰቢያዎች ላይ ግን ሁለቱ ተለያይተዋል፤ የሃኬት ስም ቤልጅየም ፕሉግስቴርት ላይ፣ የኮሊንስ ፈረንሳይ ቲየፕቫል ላይ ተቀርጿል። አስከሬናቸው አልወጣም፤ ሁለቱም አሁንም በዚያው ዋሻ ውስጥ አብረው ናቸው።