የማንን መሪ ልጨብጥ

ተሳቢ ያለው ከባድ የጭነት መኪና የሚያስነዳው ደረቅ 3 መንጃ ፈቃድ በእጄ ከገባ ወዲህ ደብረ ብርሃን ውስጥ ያገኘኝ ሁሉ የሚጠይቀኝ «ስንት ይከፍሉሃል?» ብሎ ነው። «ምን መኪና ይሰጡሃል?» ያለኝ ሰው የለም። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን እሱ ነው። ሁለት ቦታ ተጠርቻለሁ፤ ሁለቱም ዋስ አምጣ ብለውኛል፤ የቀረው የእኔ ቃል ነው።

የመጀመሪያው ቤት መኪና አዲስ ነው። አልጋ አለው፣ ኤሲ አለው፣ ወንበሩ በአየር ስለሚሠራ ጉድጓዱ ወገብ ላይ አይደርስም። ደመወዙም ይበልጣል። የሁለተኛው ቤት ኢቬኮ ነው፤ ቀለሙ የደበዘዘ፣ ኤሲው መሥራት ካቆመ የከረመ፣ የወንበሩ ስፖንጅ ያለቀ። እናቴ «ልጄ፣ አዲሱ አይሻልህም?» ትለኛለች። በሬዲዮ የምትሰማው የመኪና አደጋ ስለበዛ አዲስ ያልሆነ ነገር ሁሉ ያስፈራታል። አልፈርድባትም።

ግን መንገዳችን ማን እንደሆነ አውቃለሁ። በረዳትነት ስመላለስበት የኖርኩበት ነው። የተራራው መተላለፊያ ጣርማ በር ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ጣሊያን በወረራው ዘመን የቦረቦረውን ዋሻ ሲወጡ፣ ብዙ ቀን በጉም ውስጥ፣ ቁልቁለቱ ወዲያው ይጀምራል። ሙሉ ጭነትና ተሳቢ ከኋላ እየገፋህ እስከ ደብረ ሲና ድረስ እረፍት የሚሰጥ ሜዳ የለም።

እንዲህ ያለ ቁልቁለት ላይ ከባድ መኪና በእግር ፍሬን ብቻ አይያዝም። ፍሬኑ ውስጥ ያለው ሸራ ከጎማው ጋር የሚዞረውን ብረት፣ ታምቡሩን፣ እያሸ መኪናውን ሲይዝ ሙቀት ይፈጠራል። ሙቀቱ የሚወጣበት ጊዜ ካላገኘ ሸራው መያዝ ይተዋል፤ ታምቡሩም በግለት ሰፍቶ ከሸራው ይርቃል። ያን ጊዜ ፍሬኑን የሚያሠራው ንፋስ ጌጁ ላይ ሙሉ እያሳየ፣ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ተረግጦ፣ አንድም የተበጠሰ ነገር ሳይኖር መኪናው ይሄዳል። ንፋስ ሲያልቅስ ቢያንስ ፍሬኑ ውስጥ ያለው ስፕሪንግ ራሱ ጎማውን ይይዘዋል። ለግለት ግን እንዲህ ያለ መዳኛ አልተሠራለትም። ለዚህ ነው የሞተር ፍሬን የሚያስፈልገው፤ የጭሱን መውጫ ሲዘጋው ሞተሩ ራሱ መኪናውን ወደ ኋላ ይይዘዋል፣ እግርህም ያርፋል። ጉልበቱ የሚታየው ደግሞ በዝቅተኛ ማርሽ ሞተሩ ከፍ ብሎ ሲዞር ስለሆነ፣ ማርሹ መመረጥ ያለበት ቁልቁለቱ ሳይጀምር ነው። መሐል ላይ ልቀንስ ብትል ማርሹ እምቢ ሊልህ ይችላል።

ይህን ያስተማሩኝ ኤንትሬ በሚባለው የድሮ ፊያት ከባድ መኪና ዘመን ከአዲስ አበባ አሰብ ሲመላለሱ የኖሩ የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ። ሥራ ሊያስይዘኝ የሚችል ሰው ዘንድ ስሄድ መጀመሪያ ወደ መኪናው ሥር እንድገባ የነገሩኝም እሳቸው ናቸው። ገባሁ።

አዲሱ መኪና እውነትም አዲስ ነው፤ ግን አዲስ የሆነው ፊት ያለው ብቻ ነው። ተሳቢው አሮጌ ነው። ከኋላ ሁለት የጎማ እግሮቹ ላይ ፍሬኑ እንዳይሠራ ታስሮ አገኘሁት። መካኒኩን ስጠይቀው «ጎማውን ይነክስ ስለነበረ ነው፣ ለጊዜው ነው» አለኝ። ተሳቢው ራሱን ካልያዘ ሸክሙ በሙሉ የፊተኛው መኪና ላይ ይወድቃል። ቀጥ ባለ መንገድ ፍሬኑን ቶሎ ያግለዋል፤ እርጥብ ኩርባ ላይ ደግሞ ተሳቢው ፊተኛውን ገፍቶ ያጥፈዋል። የሞተር ፍሬኑንም ቁልፍ ስነካው ምንም አልተሰማም። ለባለንብረቱ በትህትና አነሳሁት። «ቦሎው ጊዜው ያላለፈበት ነው፤ ሌሎቹ እየነዱት ነው» አሉኝ። ቦሎ መኪናው ምርመራ በገባበት ቀን የነበረውን ነው የሚመሰክረው። ዛሬ የታሰረው ፍሬን በዚያ ቀን አልታሰረም ይሆናል።

ኢቬኮው ዘንድ ስሄድ መኪናው ቆሞ ሸራ እየተቀየረለት ነበር። ባለቤቱ አንድ የተቀዳደደ ደብተር አሳዩኝ፤ ሸራ የተቀየረበት፣ ዘይት የተለወጠበት፣ የትኛው ጎማ ከየት ወደ የት እንደዞረ በቀን በቀኑ ተጽፏል። ከዚያ ከዋሱና ከደመወዙ በፊት የጠየቁኝ «ጣርማ በርን በስንት ማርሽ ትወርዳለህ?» ብለው ነው። ልቤ ወደ እሳቸው የሄደው ያኔ ነው። ከእሳቸው በፊት እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ቀጣሪ አልነበረም። ጭነቱን አይቼ እንደምወስንና ሽቅቡን ከምወጣበት ማርሽ እንደማላልፍ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ አላመሰገኑኝም። ጥሩ ምልክት አድርጌ ወሰድኩት።

አሜሪካ ከባድ መኪና የሚነዳው የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም ሲያወራኝ እሱ ኩባንያ ሲመርጥ የጠየቃቸው ነገሮች ሌላ ዓለም ናቸው። ሞተሩ ጠፍቶ ሌሊቱን ጋቢናውን የሚያሞቅና የሚያበርድ ሌላ ትንሽ ሞተር አለ ወይ? ማርሹ አውቶማቲክ ነው? ካሜራው ወደ መንገዱ ነው ወይስ ወደ ሹፌሩ ፊት? እዚያ በአውቶማቲክ የተፈተነ ሰው ማኑዋል ከባድ መኪና እንዳይነዳ መንጃ ፈቃዱ ላይ ይጻፍበታል። 10 ሰዓት ካረፈ በኋላ ከ11 ሰዓት በላይ መንዳትም አይፈቀድለትም፤ ሰዓቱን የሚቆጥረው ከሞተሩ ጋር የተያያዘ መሣሪያ ነው። ፍሬኑንስ ስለው «እሱማ ግዴታ ነው፣ ይፈተሻል» አለኝ። እኔ በዓይኔ ካላየሁ የማላምነውን እሱ እንደ ተራ ነገር ማለፉ ቅናት አሳደረብኝ፤ ደግ ቅናት።

ኢቬኮው ችግር የለበትም አልልም። ጭነቱ ብዙ ጊዜ ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ ሚሌ፣ ከዚያም ጅቡቲ ድንበር ላይ ወዳለችው ጋላፊ የሚወጣ ነው። ማታ ደብረ ብርሃን ላይ በጋቢ ተጠቅልሎ ያደረ ሰው በማግስቱ አፋር በረሃ ያለ ኤሲ ሲገባ ሰውነቱ ይዝላል። የዛለ ሹፌር ደግሞ ያንቀላፋል፤ ስለዚህ ኤሲ ቅንጦት ነው የሚሉትን አልቀበላቸውም። አልጋውም እንዲሁ። በእነዚህ ዓመታት መንገድ ሲዘጋ ጋቢና ውስጥ ማደር የተለመደ ሆኗል፤ ወንበር ላይ ተኮራምቶ ያደረ ሰው ጠዋት መሪ መጨበጥ አልነበረበትም። አሮጌ መኪና ሲበላሽም ይቆማል፤ ሲቆም ጉዞ የለም፣ አበልም የለም። በወሩ መጨረሻ ከአዲሱ ቤት ባልደረቦቼ ያነሰ ይዤ እንደምገባ ገብቶኛል። እናቴን መርዳት የምፈልገውን ያህል ቶሎ አልረዳትም።

ቢሆንም ለድካም መላ አለው። አርፋለሁ፣ በረሃውን ሙቀቱ ሳይበረታ አልፋለሁ፣ ውሃ እይዛለሁ፣ ሲደክመኝ ጥግ ይዤ እቆማለሁ። ፍሬኑ ለታሰረ ተሳቢ ግን ከደብረ ሲና ቁልቁል አርማኒያ ሳልደርስ ኩርባው ላይ የማደርገው ነገር የለም፤ ከፊቴ ደግሞ ከደብረ ሲና ገበያ ተጭነው የሚመለሱ ሰዎች አሉ።

ስለዚህ ለአዲሱ ቤት ደውዬ አመስግኜ ቀረሁ። የኢቬኮውን ባለቤት ሦስት ነገር ለመንኳቸው፤ መጠባበቂያው፣ ስኮርት ጎማው፣ ሙልጭ ስላለ እንዲቀየር፣ ኋላ ወንበሩ ላይ ፍራሽ እንዲገባ፣ ኤሲው ባይሠራ እንኳ ማራገቢያ እንዲታሰርልኝ። ጎማውንና ፍራሹን እሺ ብለዋል። ማራገቢያውን «ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ እንነጋገርበታለን» ብለዋል፤ እኔ ግን ዋሴን ይዤ ስሄድ ሳልፈርም እንደገና አነሳዋለሁ።